ቃና ይወረሳል እንጂ አይሸመትም

የአንድ ጊታር ተጫዋች ድምፅ ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በመቀሌ ሮማናት አደባባይ ዙሪያም ሆነ በአዲስ አበባ ፒያሳ፣ ወጣት ሙዚቀኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ መነሣቱ አይቀርም። በተነሣ ቁጥር ታዲያ ሁለት መልሶች ከሁለት ወገን ይወረወራሉ። አንደኛው ወገን፣ «ነገሩ የመሣሪያ ነው፤ የእገሌን ጊታር፣ የእገሌን አምፕሊፋየርና ፔዳል የያዘ ሁሉ እንደ እገሌ ይሰማል» ይላል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ፣ «ነገሩ የተሰጥዎ ነው፤ እውነተኛ ከያኒ ከራሱ ያመነጫል፤ የሌላውን ፈለግ የተከተለ ኮራጅ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ሁለቱ መልሶች ላይ ላዩን ሲታዩ የሚቃረኑ ይመስላሉ። ነገር ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ከወጣቱ በፊት የነበረውን ሰው ከታሪኩ ያስወጡታል። የመጀመሪያው በቀደምቱ ቦታ ዕቃ ይተካል፤ ሁለተኛው በቀደምቱ ቦታ «እኔ»ን ያነግሣል። ይህ ጽሑፍ ሙግቱ ከሁለቱም ጋር ነው። ቃና በገንዘብ የሚሸመት ሸቀጥ አይደለም፤ ከባዶ የሚፈልቅ ተአምርም አይደለም። ቃና ውርስ ነው። ወራሽ የሆነ ሁሉ ደግሞ ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንደኛው የአውራሹን ስም መጥራት፣ ሁለተኛው ውርሱ ላይ የራሱን መጨመር ነው።

አስቀድሞ ቃና ራሱ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ቅኝትና ቃና አንድ አይደሉም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ማንም ሊማራቸው፣ በወረቀት ሊያሰፍራቸው ይችላል። ቃና ግን በአንድ ቅኝት ውስጥ አንዱን እጅ ከሌላው እጅ የሚለየው ነገር ነው። ክራርን ለአብነት እንውሰድ። በግርፍ የሚጫወት ባለክራር ቀኝ እጁ አውታሮቹን በሙሉ ይመታል፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን እንዲሰሙ ያልተፈለጉትን አውታሮች ነክተው ዝም ያሰኛሉ። እንግዲህ አድማጭ የሚሰማው ዜማ የተሠራው በተመቱት አውታሮች ብቻ ሳይሆን በታፈኑትም ጭምር ነው። የታፈነው አውታር ፈጽሞ አይጠፋም፤ ደረቅ የሆነ የምት ድምፅ ይሰጣል፤ ያ ድምፅ ለክራሩ ከበሮ ይሆንለታል። ጣቱ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ከአውታሩ ላይ መቼ እንደሚነሣ፣ ግርፉ ከምቱ ቀደም ወይስ ዘግየት እንደሚል፣ ይህ ሁሉ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። ከሰው ወደ ሰው፣ ከዓይን ወደ ጆሮ፣ ከጆሮም ወደ ጣት ይተላለፋል እንጂ።

«ነገሩ የመሣሪያ ነው» የሚለው ወገን በማስረጃነት የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ የውጭውን ዓለም ነው፤ ስለዚህ እርሱ በጠራው ምስክር መሟገት ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቴክሳሱ ተወላጅ ስቲቪ ሬይ ቮን በ1954 ተወልዶ በ1990 በሄሊኮፕተር አደጋ የሞተ የብሉዝ ሮክ ጊታሪስት ነው። መሣሪያውን የሚያጠኑ ሰዎች ዝርዝሩን በቃላቸው ይዘውታል፤ የተላላጠው ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር፣ እስከ 0.013 ኢንች የሚደርስ ውፍረት ያለው ቀጭኑ አውታር፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ የተቃኘው ቅኝት፣ አይባኔዝ የተሰኘው ፋብሪካ የሠራው ፔዳል። ዝርዝሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ዕቃ አሟልተው የያዙ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ፤ ስቲቪ ሬይ ቮን ግን አንድ ብቻ ነበር።

ታዲያ ያ ድምፅ ከየት መጣ? ከአልበርት ኪንግ መጣ፤ ከጂሚ ሄንድሪክስ መጣ፤ ከታላቅ ወንድሙ ከጂሚ ቮን መጣ። አልበርት ኪንግ ግራኝ ነበር፤ ለቀኝ እጅ የተዘጋጀውን ጊታር ገልብጦ ስለሚይዝ ቀጫጭኖቹ አውታሮች ከላይ፣ ወፍራሞቹ ከታች ይሆኑበታል። በዚህም ምክንያት ሌላው ጊታሪስት ወደ ላይ ገፍቶ የሚያጎብጠውን አውታር እርሱ ወደ ታች ስቦ ያጎብጠው ነበር፤ ከዚህም እንደ ሰው ልቅሶ የሚወጣና የሚወርድ ድምፅ ተወለደ። ቮን ግራኝ አይደለም፤ መሣሪያውም የአልበርት ኪንግ ዓይነት አይደለም። ሆኖም ያንን ልቅሶ በሌላ እጅና በሌላ ጊታር ላይ ፈልጎ አገኘው። በ1983 ሁለቱ በካናዳ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ አብረው ሲጫወቱ ተቀርጸዋል፤ ቅጂውን የሰማ ሁሉ ተማሪው ከመምህሩ ፊት መሆኑን አይስትም፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ግን አይቸገርም። በዚያው ዓመት የወጣው የቮን የመጀመሪያ አልበም ርእስም ላሪ ዴቪስ በ1958 ከቀረጸው ዘፈን የተወሰደ ነው። ስለዚህ በመሣሪያ አምላኪዎች ዘንድ ዋና ምስክር ሆኖ የሚጠራው ሰው የሚመሰክረው በእነርሱ ላይ ነው።

ከእርሱ በፊት የነበረውን ቢ. ቢ. ኪንግን (1925–2015) ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የእናቱ ዘመድ የነበረው ቡካ ዋይት ጊታሩን የሚጫወተው በአውታሩ ላይ በሚያንሸራትተው ብረት ነበር። ወጣቱ ቢ. ቢ. ኪንግ ያንን ዘዴ መልመድ አቃተው። ስለዚህ የብረቱን ድምፅ በጣቱ መንቀጥቀጥ ለመምሰል ሞከረ፤ በኋላ ዓለም ሁሉ በአንዲት ኖታ ብቻ የሚለየው የጣቱ እርግብግቢት ከዚህ ሙከራ ተወለደ። ልብ ይባል! የዚህ ሰው ልዩ ቃና መነሻው ማስመሰል ነበር፤ የራሱ ያደረገው ደግሞ ማስመሰሉ ሙሉ በሙሉ አለመሳካቱ ነው። የቀደመው ሰው ድምፅ በአዲሱ ሰው እጅ ውስጥ ሲያልፍ የሚቀረውና የሚጨመረው ነገር፣ እርሱ ነው ቃና የሚባለው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ወገን ብድግ ይላል። «ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ የእኛ ልጅ ይህን ተከትሎ ብሉዝ ሲጫወት ኮራጅ ከመሆን አያልፍም» ይላል። «ኮራጅ» የምትለው ቃል በኪነጥበብ አደባባይ ላይ እንደ ዱላ ከተነሣች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ቃሏን የሚያነሡ ሰዎች ራሳቸውን የአገር ባህል ጠበቃ አድርገው ይቆጥራሉ። ነገር ግን የአገሩ ባህል ስለዚህ ጉዳይ የሚለውን ጠይቀው አያውቁም።

የአገሩን ባህል እንጠይቀው። የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ የዜማ አባት ነው። ትውፊቱ ግን ዜማውን ከራሱ አፈለቀ አይልም፤ ከሦስት አእዋፍ ሰማ ይላል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስት የዜማ ዓይነቶችም በዚያ መንገድ ተገኙ ይላል። የዜማው አባት እንኳ ሰሚ ሆኖ ተነገረለት እንጂ ምንጭ ነኝ አላለም። ከእርሱ በኋላ የመጡት የዜማ ሊቃውንትም እንደዚሁ ናቸው። የቤተ ልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት እየተባለ ዜማው በየቤቱ ይታወቃል፤ አዋቂ ጆሮ መሪጌታው ገና አፉን ሲከፍት ከየትኛው ቤት እንደወጣ ይለያል። መሪጌታውም ቢጠየቅ የመምህሩን ስም በኩራት ይጠራል። ማን ይህን ኩረጃ ይለዋል?

የቅኔ ቤት ሥርዓት ደግሞ ከዚህ አልፎ ሙግቱን ይቋጨዋል። የዋድላ፣ የዋሸራ ወይም የጎንጅ ተማሪ የመምህሩን መንገድ ሳይከተል ቅኔ ሊቆጥር አይችልም፤ ሕጉን፣ ቤት አመታቱን፣ የሰምና ወርቁን አያያዝ ከመምህሩ ይቀበላል። ነገር ግን ያው ተማሪ መምህሩ ትናንት የተቀኘውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢቆም ያፍራል፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ ካልሆነ ቅኔ አይባልምና። መንገዱ የመምህር ነው፤ ቅኔው የተማሪው ነው። ይህ ሕግ ከጊታርና ከብሉዝ እጅግ ቀድሞ በዚህች አገር የጸና ሲሆን፣ ለጊታርም ሆነ ለክራር ከዚህ የተሻለ ሕግ ሊገኝለት አይችልም።

ስለ ብሉዝ «ባዕድነት»ም አንድ ቃል መባል አለበት። የብሉዝ ጊታሪስት በብዛት የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች ከሙሉ ትዝታ አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ መነሻና ማረፊያ ያደረገው ድምፅ ሌላ መሆኑ ነው። ከባቲ ቅኝት ዓይነቶች አንዱም በዚያው መሰላል ላይ ይቆማል። ስለዚህ የመቀሌ ወጣት የብሉዝ ጊታር ሲሰማ ጆሮው የሚያውቀው ነገር ማግኘቱ አያስደንቅም። ይህን ይዘው «ብሉዝ የእኛ ነው» የሚሉም አሉ፤ ይህም ስሕተት ነው። መሰላሉ ቢመሳሰልም አወጣጡ ይለያያል። ብሉዝ በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ የደከሙ የጥቁር አሜሪካውያን ሥቃይና ቀልድ ውጤት ነው፤ ትዝታ ሌላ ናፍቆት አለው። ዝምድናን ማወቅ ከመንጠቅም ከመሸሽም የተለየ ነገር ነው፤ ዘመድ ቤት የሚገባው ሰው እንግድነቱን አውቆ፣ ጫማውን አራግፎ ይገባል።

ይህ ዝምድና በቃል ብቻ የቀረ አይደለም፤ በታሪክም ተፈጽሟል። ከ1943 እስከ 1977 አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ የከተማይቱ ወጣቶችም የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ በዚያ ይሰሙ ነበር። በ1961 በተመሠረተው የአስመራ ትያትር ማኅበር ውስጥ የነበሩት ተወልደ ረዳ በዚያ ከተማ ኤሌክትሪክ ጊታርን ቀድመው ካነሡት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ የክራርም ሰው ነበሩ። ክራርን የሚያውቅ እጅ ጊታር ሲይዝ ምን እንደሚሆን ከዚያ ዘመን ጀምሮ የትግርኛ ሙዚቃ ሲያሳይ ኖሯል። ዛሬ በትግራይ ሠርግና ጓይላ ላይ የሚሰማው በኤሌክትሪክ የተጠናከረ ክራርም የዚህ ጉዞ ልጅ ነው፤ ጊታር ከክራር እንደ ተማረ ክራርም ከጊታር ጉልበት ተቀብሏል።

በአዲስ አበባም የሆነው ከዚህ አይርቅም። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር ቀረጹ፤ ዘፈኑ ከአገር ተሻግሮ በአውሮፓ ሲታተም አድማጩን ያስደነገጠው የድምፃዊው ጉሮሮ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ የሚሽከረከረው የባስና የጊታር ጥልፍልፍም ነበር። ባሱን ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን ሰላም ስዩም ይጫወቱ ነበር። ያው ባንድ በ1976 በራስ ሆቴል ድምፃዊ የሌለበት ሙሉ የመሣሪያ ሙዚቃ ቀርጿል፤ በኋላም ሮሃ ባንድ በሚል ስም የአንድን ትውልድ ካሴት በአብዛኛው ያጀበው እርሱ ነው። የሰላም ስዩም ጊታር የሚታወቀው በማብዛት ሳይሆን በመቆጠብ ነው፤ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ በጥቂት ኖታ ገብቶ ይመልሳል፤ የአዝማሪ ማሲንቆ ለባለቤቱ ቃል እንደሚመልሰው ሁሉ። ደግሞም ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ጊታሪስት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክን አጥንተው ከ1896 እስከ 1974 ያለውን የዘመናዊ ሙዚቃችንን አመጣጥና ዕድገት የመረመረ ጽሑፍ ማበርከታቸው ነው። የራሱን ቃና ያገኘ ሰው የቀደሙትን ስም ፍለጋ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። «ቀደምት ማጥናት ፈጠራን ይገድላል» ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

እንግዲህ ውርስ ነውር ካልሆነ ነውሩ ምንድን ነው? ነውሩ መደበቅ ነው። የእንግሊዙ ሌድ ዜፕሊን በ1969 ያወጣው አንድ ዝነኛ ዘፈን፣ መዲ ዋተርስ በ1962 የቀረጸውንና ዊሊ ዲክሰን የደረሰውን ዘፈን ቃል የተሸከመ ነበር። የዲክሰን ስም ግን በሸክላው ላይ አልሰፈረም። ዲክሰን በ1985 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ከዚያም በኋላ ስሙ ከደራሲዎቹ ተርታ ገባ። ወጣቶቹ እንግሊዛውያን ጥፋታቸው ከዲክሰን መማራቸው አልነበረም፤ በመማራቸውማ ዓለም አተረፈ። ጥፋታቸው መምህሩን ያለ ስም ማስቀረታቸው ነበር።

ይህን ስንፈርድ ግን ጣታችን ወደ ራሳችን ቤት መመለሱ ግድ ነው። ኪሮስ ዓለማየሁ በ1994 ቢያርፍም ትግርኛ የማይሰማው አድማጭ ሳይቀር ድምፁን እስከ ዛሬ ይለያል። አብረውት ክራር የደረደሩትን፣ ጊታር የመቱትን ሰዎች ስም ከአድማጮቹ መካከል ስንቱ ይጠራል? የአስናቀች ወርቁን፣ የካሳ ተሰማን ክራር ብዙዎች የሚያውቁት ሁለቱም ራሳቸው ድምፃውያን ስለነበሩ ነው። ድምፃዊ ያልሆነ የመሣሪያ ሰው በካሴት ሽፋን ላይ ከነጭራሹ ሳይጠቀስ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቢጠቀስም «አጃቢ» በምትል አንዲት ቃል ውስጥ ከነጓደኞቹ ተጠቅልሎ ያልፋል። አጃቢ! ጌታው በበቅሎ ሲሄድ ከኋላ የሚከተል ሰው ስም ነው። ግማሹን ዘፈን የሠራ እጅ እንዴት ተከታይ ይባላል? የዛሬው የኢንተርኔት ዘመንም ከካሴቱ ዘመን የተሻለ አልሆነም፤ ቦታው ሰፊ፣ ስም መጻፍም ነፃ ሆኖ ሳለ፣ ሥራዎች በድምፃዊው ስምና ፎቶግራፍ ብቻ ይለጠፋሉ።

«ለአድማጩ ምኑ ነው? አድማጩ የሚፈልገው ዜማውን ነው» የሚል ተቃውሞ ከገበያው ወገን ይሰማል። እውነት ነው፤ በሠርግ ላይ እየጨፈረ ያለ ሰው የክራር ተጫዋቹን መምህር ስም አይጠይቅም። ወጣቱ ተጫዋች ግን ይጠይቃል፤ መጠየቅም አለበት። ስም ከሌለ ፍለጋ የለም፤ ፍለጋ ከሌለ ትምህርት የለም። የቀደምቱን ስም የማያውቅ ወጣት ወደ ማን ቤት ሄዶ ጣቱን ያሳያል? መሄጃ ሲያጣ ወደ ሱቅ ይሄዳል፤ በኪቦርድ ውስጥ ተሰናድቶ የመጣውን «ክራር» የተባለ ቁልፍ ይጫናል። ያ ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል፤ አይከብድም፣ አይቀልም፣ አይዘገይም፣ የታፈነ አውታርም የለውም። በአሥር ሠርግ ላይ አሥር ሰዎች ቢጫኑት አሥሩም አንድ ሰው ናቸው። እንግዲህ ስም መደበቅና ቃና መጥፋት አንድ ሰንሰለት ናቸው ማለት ነው።

«ቀደምትን ማክበር ወጣቱን እስረኛ ያደርገዋል» የሚለው ሥጋት ግን ሊናቅ አይገባም። በእርግጥ የመምህሩን እያንዳንዱን ግርፍ በቃሉ ይዞ ዕድሜውን ሙሉ የሚደግም ተጫዋች አለ። እርሱ ግን ውርስ የተቀበለ አይደለም፤ የአውራሹን ልብስ ለብሶ የሚዞር ነው። መድኃኒቱ የመምህሩን ስም መርሳት ሳይሆን ብዙ መምህር መያዝ ነው። ከአንድ ሰው የወሰደ ያስመስላል፤ ከብዙዎች የወሰደ ይመርጣል፤ የሚመርጥ ደግሞ ራሱን ይገልጣል። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ውስጥ የቀደመውን ዘመን ዜማ ሲያነሣ አንጋፋውን የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞን በመድረኩ ላይ አጠገቡ አስቀምጧል። የውርስ ርክክቡም በሕዝብ ፊት ተፈጽሟል።

ይህ ሁሉ በሮማናት አካባቢ ካሉ ወጣቶች ይልቅ ማንን ሊያሳስብ ይችላል? ከ2020 እስከ 2022 በተካሄደው ጦርነት ትግራይ ሰውም ንብረትም አጥታለች፤ ቅርሶቿም ተጎድተዋል። ድንጋይ የሆነ ቅርስ ሲፈርስ ፍርስራሹ ይታያል፤ ይቆጠራል፤ ይጠገናል። በአንድ አዛውንት ባለክራር ጣቶች ውስጥ ያለ ግርፍ ግን ከባለቤቱ ጋር ሲቀበር ፍርስራሽ እንኳ አይተውም። ማንም መጥቶ «እዚህ ነበረ» ብሎ የሚያሳየው ነገር የለም። ስለዚህ ጉዳዩ የሙዚቀኞች የእርስ በእርስ ክርክር ሆኖ መቅረት የለበትም።

መደረግ ያለበትም ውድ አይደለም። ዘፈን የሚያሳትምና የሚያሰራጭ ሁሉ፣ ክራሩን ማን ገረፈ፣ ጊታሩን ማን መታ፣ ከበሮውን ማን ያዘ የሚለውን በስም ይጻፍ፤ «አጃቢ» የምትለው ቃልም ከሽፋን ላይ ትነሣ። የባህል ተቋማት ድምፃውያንን ብቻ ሳይሆን የመሣሪያ ሰዎችን በሕይወት ሳሉ ይቅረጹ፤ ሲቀርጹም ዜማውን ብቻ ሳይሆን ጣቱን ያሳዩ፣ «ከማን ተማርህ?» ብለውም ይጠይቁ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ዲግሪ የሌለውን አዛውንት ባለሙያ በእንግድነት ሳይሆን በመምህርነት ወንበር ያስቀምጡ።

ወጣቱ ተጫዋችም የራሱ ድርሻ አለው። ለቀጣዩ ፔዳል ያጠራቀመውን ገንዘብ ጥቂት ቀንሶ የአንድ ባለክራር ደጅ ይጥና፤ የአልበርት ኪንግን ልቅሶ እንደሚሰማ ሁሉ የአገሩን ግርፍም ዝም ብሎ፣ ደጋግሞ ይስማ። መጀመሪያ ያስመስል፤ አይፈር። ማስመሰሉ የማይሳካበት ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይቁምና ያዳምጥ፤ የራሱ ድምፅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ ሲጨበጨብለትም «ይህን ከእገሌ ተማርሁ» ይበል። ይህን የሚል ሰው ከክብሩ የሚቀነስበት የለም፤ የቤተ ልሔም መሪጌታ ሲል ኖሯል፤ ቅኔው አልጎደለበትም።